ያው ቶም፣ ያችው ፀሐይ

የዲመካ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜው ይበልጣል። ከሐመርና ከበና መንደሮች በእግራቸው የመጡ ሴቶች ቅቤ፣ ማርና ማሽላ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ለፀጉርና ለገላ የሚሆነው ቀይ አፈር ይሸጣል፤ የቡና ገለባ ከጆንያ ይሰፈራል፤ ወንዶቹ መቀመጫም ትራስም የሚሆነውን በርኮታቸውን ይዘው ከፍየል ተራ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፍየል ተራ ይመላለሳሉ። ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት በር ላይ ደግሞ ልጆች ይቆማሉ። ከመካከላቸው ተማሪ የሆነው አማርኛ ይሰማል፤ ከአባቱ ጋር ፍየል ነድቶ የመጣው ላይሰማ ይችላል። ዜና ሲጀምር ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ገበያው ያዞራሉ። "ቶም እና ጄሪ" ሲመጣ ግን እኩል ይስቃሉ። ድመቱና አይጡ በንግግር ላይ አይደገፉም፤ አስተርጓሚ አያስፈልግም። 16 ብሔረሰቦች በሚኖሩበት በደቡብ ኦሞ ሁሉም እኩል የሚገባው ቀልድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ከእነዚህ ልጆች አንዱ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል የሚሆን፣ የሚታየውን ትንሽ ተመለከተና "ይሄ ቶም አይደለም" አለ። ድመቱ ያው ግራጫ ድመት ነው፤ አይጡም ያው ቡናማ አይጥ ነው። ጓደኛው "ቶም ነው እንጂ! አታየውም?" ብሎ ተከራከረው። ልጁ ንቅንቅ አላለም። "ሲጮህ ስማው" አለው።

ልጁ ትክክል ነበር። ፍርዱን የሚደግፈውን ታሪክ ግን የነገረው ሰው የለም። "ቶም እና ጄሪ"ን ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ኤም.ጂ.ኤም. በተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ጀመሩት፤ እስከ 1958 ድረስም 114 አጫጭር ፊልሞች ወጡ፤ ሰባቱ ኦስካር አገኙ። ስቱዲዮው የካርቱን ክፍሉን ከዘጋ በኋላ ሥራው ለጂን ዳይች ተሰጠ። ዳይች በትንሽ ገንዘብ፣ የቀደሙትን ፊልሞች ጥቂቱን ብቻ ካዩ ሠራተኞች ጋር ሆኖ 13 ክፍሎችን ፕራግ ላይ ሠራ፤ በ1961 እና በ1962 ታዩ። ከዚያ ቻክ ጆንስ ከ1963 እስከ 1967 ባለው ጊዜ 34 ጨመረ። ዛሬ የቴሌቪዥን ጣቢያውም፣ በፍላሽ የሚገለብጠው ባለ ሱቅም የሦስቱን ዘመን ሥራ ቀላቅሎ ያቀርበዋል። ለልጁ ሁሉም አንድ ረጅም ሲዝን ነው። ስንጥቁ የት ጋ እንዳለ የሚነግረው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አያነብም፤ ራሱ ነው ያገኘው።

በጩኸቱ ማግኘቱም የሚገርም አይደለም። የሃና እና የባርቤራ ቶም ጣቱ ወጥመድ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይጮህም። መጀመሪያ ጣቱን ያያል። ዓይኑ ቀስ ብሎ ይፈጥጣል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ሁሉም ነገር ለአፍታ ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የሚፈነዳው። ያንን ጩኸት የጮኸው ዊሊያም ሃና ራሱ ነው፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ማይክሮፎን ፊት ቆሞ በገዛ ጉሮሮው ያወጣው ድምፅ ነው። የስኮት ብራድሊ ሙዚቃም ከድመቱ እግር እኩል ይራመዳል፤ ቶም በጣቱ ሲሄድ በጣቱ ይሄዳል፤ ሲወድቅ አብሮት ይወድቃል። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ሕመም የራሱ ጊዜ አለው። ቶም ሕመሙን ከመጮሁ በፊት ያውቀዋል፤ እኛም አብረነው እናውቀዋለን፤ የምንስቀው በዚያች ዕውቀት ነው። በፕራጎቹ ክፍሎች እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፤ ድምፁም ከባዶ አዳራሽ የሚመጣ ይመስል ያስተጋባል። ድመቱ ይመታል፣ ይጮኻል፤ ግን መመታቱን የሚያውቅበት ቅጽበት የለችም። መልኩ የቶም ነው፤ ሕመሙ የሌላ ነው።

የሃይማኖት ሊቃውንታችን አካልን፣ ባሕርይንና ግብርን ለይተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ትምህርቱ የተዘጋጀው ከካርቱን እጅግ ለከበረ ነገር ነው፤ እዚህ የምዋሰው የመለየቱን ልማድ ብቻ ነው። በአንድ የልጆች ታሪክ ውስጥ አካል የምንለው የሚታየው ነው፦ ቀለሙ፣ መስመሩ፣ ጨርቁ። ግብር በየክፍሉ የሚሠራው ሥራ ነው። ባሕርይ ደግሞ ያንን ሥራ የእሱ እንጂ የሌላ እንዳይሆን የሚያደርገው ነገር ነው። ረጅም ሲዝን ግብሩን መለወጥ ግድ ይለዋል፤ ካልለወጠ ይሰለቻል። አካሉንም ብዙ ጊዜ ይለውጣል፤ ገንዘብ ሲገኝ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ፣ ሠዓሊ ሲቀየር። ሁለቱ ተለዋውጠው ታሪኩ ያው ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ባሕርዩ የተነካ ዕለት ግን አካሉ ቢያምር፣ ግብሩ ቢበዛ፣ ሌላ ሥራ በድሮው ስም ተጀምሯል ማለት ነው።

ስለ ጥራት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ አካሉ ነው። ምስሉ ጠራ፣ ቀለሙ ደመቀ፣ እንቅስቃሴው ለሰለሰ እንላለን። የልጆች ፕሮግራም ሲገመገምም የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ለመለካት ይቀላልና። እኔ ይህ መለኪያ በልጆች ሥራ ላይ ከቦታው የወጣ ይመስለኛል። ልጅ ለአካል በጣም ቸር ነው፤ እንጨት ይዞ ፈረስ ነው ካለ ፈረስ ነው። በባሕርይ ላይ ግን ከአዋቂ የበለጠ ጥብቅ ዳኛ ነው። ማታ ተረት ሲነገረው አንዲት ቃል ብትዘል "እንደዚህ አይደለም!" ብሎ ያስቆምሃል። ታሪኩን ረስቶት አይደለም የሚያስደግምህ፤ ጅቡ ዛሬም ያው ጅብ መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ዛሬ ያየው ዓለም ነገም እዚያው መኖሩን ገና በማረጋገጥ ላይ ነው፤ እናቱ ከገበያ እንደምትመለስ እንኳ የሚያምነው ብዙ ጊዜ ስለተመለሰች ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ቀጣይነት ከጥራት ጎን የሚቆም ሁለተኛ መስፈርት አይደለም። ጥራቱ ራሱ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበን ምስክር ፀሐይ ናት። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን እ.ኤ.አ. በ2005 አቋቋሙ፤ በዓመቱም "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ስትጀመር ከካልሲ የተሠራች የእጅ አሻንጉሊት ነበረች። ድምጿ የብሩክታዊት ነው። በ2008 ሥራው ሙኒክ ላይ በሚካሄደው ፕሪ ዦነስ በተባለው የዓለም የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር ተሸለመ፤ በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች። ከአማርኛ ሌላም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል። በአካል ከለካነው፣ በዲሽ ከሚመጡት ካርቱኖች አጠገብ ካልሲ ምን ዋጋ አለው? ልጆቹ ግን ካልሲ መሆኗን አይተው፣ ደንታም ሳይሰጣቸው፣ ስሟን ይዘው አደጉ። ያገኙት ነገር በየሳምንቱ ያው ነበር፦ የምትጠይቅ፣ ስትሳሳት የማትደብቅ፣ መልሱን ስታገኝ ከልቧ የምትደሰት ልጅ። ያንን ደስታ የሚሸከመው ድምፁ ነው። የሃና ጩኸት ለቶም የሆነውን የአንዲት መምህርት ድምፅ ለፀሐይ ሆነላት።

ፀሐይን ከቶም የሚለይ አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። ቶም መርሳት ይችላል። በአንዱ ክፍል ፈንጂ ፊቱ ላይ ይፈነዳል፤ በሚቀጥለው ፀጉሩ እንኳ ሳይጎድል ተኝቶ ይገኛል፤ ማንም አይጠይቅም። መርሳቱ የውሉ አካል ነው፤ ባሕርዩን አይነካም። የምታስተምር ፀሐይ ግን መርሳት አትችልም። ዛሬ እጇን መታጠብ ለምን እንደሚያስፈልግ ተምራ በሚቀጥለው ሳምንት ሳትታጠብ ብትበላ፣ የዲመካዋም ሆነች የጎንደሯ ልጅ "ባለፈው ተምረሽ አልነበር?" ትላታለች። ትላታለች ብቻ ሳይሆን ትምህርት ማለት በክፍሉ መጨረሻ የሚባል ነገር፣ ከዚያ በኋላ የማያገለግል ነገር ነው ብላ ትደመድማለች። በአንድ ክፍል የተማርነው በሌላው ካልኖረ የመማር ትርጉሙ ምንድን ነው?

በሌላ በኩል ፀሐይ ማደግ አትችልም። ስድስት ዓመቷ ካለፈ፣ ሁሉን ካወቀች፣ አዲስ የሚመጡት የስድስት ዓመት ልጆች አብራቸው የማታውቅ ጓደኛ ያጣሉ። እንግዲህ ሁልጊዜ ተማሪ ሆና፣ የተማረችውን ሳትረሳ፣ ሳታድግ መኖር አለባት። ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ረጅም ዕድሜ ያለው አስተማሪ ሥራ ሁሉም እዚህ ጋ ይፈተናል። ሰነፍ ደራሲ ፈተናውን በመርሳት ያልፈዋል፤ ገጸ ባሕርይዋን በየሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመልሳታል። ጎበዙ ደራሲ ግን አለማወቋን አይደግመውም፤ ያድሰዋል። እጅ መታጠብ ያወቀች ልጅ የሚቀጥለው ጥያቄዋ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ነው። ከዚያ ወንዙ በጋ ላይ ለምን እንደሚደርቅ። ሐመር ምድር ላይ ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም፤ ልጆች ደረቅ የወንዝ አሸዋ ሲቆፈርና ውኃ ሲወጣ እያዩ ያድጋሉ። ዕድሜዋ ስድስት ላይ ቆሞ ጥያቄዋ ሊጠልቅ ይችላል።

ይህ እንደሚቻል ያሳየ አንድ ትልቅ ወፍ አለ። "ሰሳሚ ስትሪት" የተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም በኅዳር 1969 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ቢግ በርድ የተባለ ቢጫ ወፍ ነበረው፤ ካሮል ስፒኒ የተባለ ሰው እስከ 2018 ድረስ ድምፁ ሆኖለት ኖሯል። ወፉ እንደ ፀሐይ የስድስት ዓመት ልጅ ነው። በታኅሣሥ 1982 የሰፈሩን ባለ ሱቅ ሚስተር ሁፐርን የሚጫወተው ተዋናይ ዊል ሊ ሞተ። አዘጋጆቹ ሌላ ተዋናይ ሊተኩ ይችሉ ነበር፤ ሽማግሌው ሩቅ አገር ሄደ ብለው ዝም ማለትም ይችሉ ነበር። እነሱ ግን በኅዳር 1983 ባስተላለፉት ክፍል እውነቱን ተናገሩ። ቢግ በርድ የጎረቤቶቹን ሁሉ ሥዕል ሥሎ ለየባለቤቱ ያድላል፤ የሚስተር ሁፐርን ይዞ ሲፈልገው ታላላቆቹ መሞቱን፣ እንደማይመለስም ይነግሩታል። ወፉ ለምን እንዲህ መሆን እንዳለበት ይጠይቃል፤ የሚመልሱለትም አጥጋቢ ምክንያት የላቸውም። ከዚያ በኋላ ያ ሥዕል ከጎጆው በላይ ተሰቅሎ ኖረ። ዓመታት አለፉ፤ ወፉ ዛሬም ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሥዕሉን ግን አላወረደውም። ሳያድግ አስታወሰ። ይህን ክፍል ከቴሌቪዥን ሥራዎች ሁሉ በላይ ከማከብራቸው ጥቂቶች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ልጅ እውነት ይችላል ብሎ የተነሳ ሥራ ነውና።

"ሰሳሚ ስትሪት" በጀመረበት ዓመት፣ በጥቅምት 1969፣ ጃፓን ውስጥ "ሳዛኤ-ሳን" የተባለ የአንድ ቤተሰብ ካርቱን ጀመረ። እስካሁን አልቆመም፤ ሳዛኤን ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የምትናገርላት ሚዶሪ ካቶ ናት። ክረምት ይመጣል፣ በጋ ይመጣል፣ በዓል ይከበራል፤ ማንም አንድ ዓመት አይጨምርም። እሱም ሌላ የመቀጠል መንገድ ነው፤ ለእኔ ግን የወፉን ያህል ልብ አይነካም።

ሐመርም የራሱ ረጅም ሲዝን አለው፤ በካርቱን ሳይሆን በእውነተኛ ሰዎች። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ሐመር ምድር ገብተው ዳምባይቲ በተባለ መንደር ከባልዳምቤ ጋር ኖሩ። ባልዳምቤ የተጸውዖ ስሙ አልነበረም፤ በሚወዳት ላሙ የተጠራበት ነው። በ1979 ከታተሙት መጻሕፍታቸው አንዱ እሱ ስለ ሐመር የተናገረውን የያዘ ነው። ከዚያ ጂን ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋር ፊልም መሥራት ጀመረች። በ1991 የወጣው ፊልም ዱካ የተባለች ልጃገረድ ለባሏ ስትሰጥ ያሳያል። ዱካ ያኔ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ወዴት እንደምትሄድ በቅጡ የማታውቅ ሙሽራ ናት። ከዚያ ጂን ሊዳል ለሌላ ፊልም ወደ ዱካ ተመለሰች፤ በ2001 የወጣውን ይህን ፊልም አብራት የሠራችው ልጇ ካይራ ስትሬከር ናት። ዱካ አሁን የልጆች እናት ሆናለች፤ ባሏ ሁለተኛ ሚስት አምጥቷል፤ ጭንቀቷን ለካሜራው፣ ማለትም ለምታውቃቸው ሴቶች፣ ትናገራለች።

ሁለቱን ፊልሞች ተከታትሎ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ዱካ በአካል ተለውጣለች፤ ፊቷ፣ ድምፅዋ፣ አቀማመጧ። ግብሯም ተለውጧል፤ ሙሽራ ነበረች፣ የቤት ባለቤት ሆነች። ግን ያቺው ዱካ ናት፤ ለዚህ ማስረጃ የሚጠይቅ ተመልካች የለም። ምክንያቱም የሚቀርጿት ሰዎች የትናንቷን ያውቋታል፤ የሚጠይቋት ጥያቄ ከትናንቱ የተቀጠለ ነው፤ እሷም ስትመልስ ትናንትን ለሚያውቅ ሰው ትመልሳለች። አዲስ ቡድን ከአዲስ አበባ ወይም ከለንደን መጥቶ ያችኑ ሴት ቢቀርጽ ኖሮ አካሏን ያገኝ ነበር። ታሪኳን ግን ከዜሮ ነበር የሚጀምረው። ስለ ካርቱን ስናስብ ቀጣይነቱን ሥዕሉ ውስጥ እንፈልገዋለን፤ የዱካ ፊልሞች የሚያሳዩት ግን ቀጣይነት የሚኖረው በሚሠሩት ሰዎች ትዝታ ውስጥ መሆኑን ነው። ፕራግ ላይ የጎደለው ይህ ነው። እዚያ የነበሩት ሠዓሊዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ጂን ዳይች ራሱ በሌላ አጭር ካርቱን ኦስካር ያገኘ ሰው ነው። የጎደላቸው ችሎታ አልነበረም። ከቶም ጋር አብረው አልኖሩም።

አንድ የሐመር ሰው ከአባቱ የወረሰውን መንጋ ሲያሳይህ፣ ከአባቱ ዘመን የቀረች አንዲት ላም እንኳ ላታገኝ ትችላለህ። ከፊሉ በድርቅ አልቋል፣ ከፊሉ ለጥሎሽ ሄዷል፣ ከፊሉ ታርዷል። መንጋው ግን የአባቱ መንጋ ነው። እንዴት ብለህ ብትጠይቀው፣ ይህች የእገሊት ልጅ ናት፣ እገሊት የእገሊት ልጅ ነበረች እያለ ይቆጥርልሃል። የሚቆጥር ሰው እስካለ ድረስ ላሞቹ ሁሉ ቢለወጡ መንጋው አይቋረጥም። የሚቆጥረው ሰው የጠፋ ዕለት፣ ላሞቹ ሁሉ በሕይወት ቢኖሩም፣ ቦታው ላይ የቆሙት ከብቶች ብቻ ናቸው።

በልጆች ሥራም እንደ ላሞቹ ሁሉ ሰው ይለወጣል፤ ተዋናይ ያረጃል፣ ሠዓሊ ይለቃል፣ ድምፅ ይደክማል። ጃፓናውያን "ዶራኤሞን" በተባለው የልጆች ካርቱን ላይ ከ1979 ጀምሮ ድመቱን ትናገርለት የነበረችውን ኖቡዮ ኦያማን በ2005 ሲቀይሩ፣ ዋና ዋናዎቹን ድምፆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀየሩ። አንዱን ብቻ በስውር ለውጠው ልጁ አይለይም ብለው አልተወራረዱም፤ ለውጡን ለውጥ ብለው አወጁት። እንዲህ ማድረግ ልጅን ማክበር ነው፤ ካርቱኑም እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ወደ አገራችን ስመለስ የሚያሳስበኝ ግን የቶም ችግር አይደለም። እኛ ከመቶኛው ክፍል በኋላ ጥራቱ ወረደ ብለን የምናዝንበት ሥራ ብዙ የለንም፤ መቶኛው ላይ የሚደርስ ጥቂት ነውና። አባባ ተስፋዬን አስቡ። ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት አውርተዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሱላቸው ሰዎች የራሳቸውን ልጆች ያሳደጉ ነበሩ። በንጉሡም፣ በደርግም፣ ከዚያም በኋላ፣ በስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ሲቀያየር አንድ ሽማግሌና አንድ ሰላምታ አልተቀየሩም። መብራቱ ደብዛዛ፣ ስቱዲዮው ባዶ የነበረበት ዘመን ነበር፤ የሚያማርር ልጅ ግን አልነበረም። ስለ ጥራት የምናውቀውን ምርጥ ትምህርት ከእሳቸው ማግኘት ስንችል፣ እሳቸው በሠሩበት መንገድ የሚሠራ ተተኪ ለማዘጋጀት የተጋን አይመስለኝም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው የያዘውን ሥራ ማን ይረከበው ብሎ መጠየቅ የጣቢያ ሥራ ነው፤ የሰውየው ሥራ አይደለም።

ከእሳቸው ወዲህ የተጀመሩት የልጆች ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክት ይኖራሉ። ገንዘብ የሚሰጠው አካል ለዚህን ያህል ክፍል ይሰጣል፤ የገንዘቡ ጊዜ ሲያበቃ ገጸ ባሕርይዋ ትጠፋለች። ሠራተኞቹ ይበተናሉ፤ አብሮ ያለው ትዝታ አብሮ ይበተናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ገንዘብ ሲገኝ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ሠዓሊ፣ በድሮው ስም ይመጣል። ለሪፖርት ይህ "ምዕራፍ ሁለት" ነው። ሻይ ቤት በር ላይ ለቆመው ልጅ ግን ጓደኛው ሳትሰናበት ሄዳ፣ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆናለች። ልጁ ቅር የተሰኘበትን የሚጽፍበት መዝገብ የለም፤ ዝም ብሎ ወደ ድመቱና አይጡ ይመለሳል። እኛም ልጆቻችን የውጭ ካርቱን ይወዳሉ ብለን እናማርራለን። ልጆቹ የውጭውን ስለመረጡ አይመስለኝም፤ ነገም የሚገኘውን መርጠው ነው።

ስለዚህ ቃሌ ለሁለት ወገኖች ነው። ገንዘብ ለምትሰጡ፦ ሃያ ክፍል ከመግዛታችሁ በፊት ሃያ አንደኛውን ማን እንደሚሠራው ጠይቁ፤ ለተተኪ ድምፅና ለተተኪ ደራሲ የሚከፈለውንም በበጀቱ ውስጥ አስገቡ። ለምትሠሩት፦ ከምስሉ በፊት ገጸ ባሕርይዋ ምን እንደተማረች፣ ምን እንደምትፈራ፣ ማንን እንደምትወድ በየክፍሉ መዝግባችሁ ያዙ፤ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት የድሮዎቹን ሁሉ ይይ። አንድ ቀን በሐመርኛ የምትናገር ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር የሚነሳ ሰው ካላችሁ ደግሞ፣ ድምፁን ከጂንካ ወይም ከዲመካ ፈልጉ፤ ያንን ድምፅም ለአንድ ሲዝን ብቻ አትዋዋሉት። ማቆም ግድ ሲሆንባችሁም በመሃል አትጥፉ። አንድ የመጨረሻ ክፍል ሥሩ፤ ለልጆቹም ማለቁን ንገሯቸው።